የፎከ-ቩልፍ 190 ዲ-9 የላይኛው ቀለም፦ 81፣ 82 ወይስ 83?

ክንፈ48

ጤና ይስጥልኝ። በ1፡48 መጠን የፎከ-ቩልፍ 190 ዲ-9፣ ማለትም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን፣ ሞዴል እየሠራሁ ነው። የመረጥኩት «ቀይ 1» በመባል የሚታወቀውን አውሮፕላን ነው። በ1945 የጸደይ ወራት (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሙኒክ-ሪም አየር ማረፊያ ያግትፈርባንት 44 የተባለው የጀርመን ተዋጊ ክፍል ጄቶች ሲነሱና ሲያርፉ ከላይ ሆነው ከሚጠብቁት ጥቂት ዲ-9ዎች አንዱ ነበር። የራሳቸው ወገን ፀረ አውሮፕላን ተኳሾች በስሕተት እንዳይመቷቸው የእነዚህ አውሮፕላኖች ሆድ ቀይ ተቀብቶ ነጫጭ መስመሮች ተሰምረውበት ነበር። ስለዚህ የታችኛው ገጽ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ የላይኛው ነው። የሞዴሉ መመሪያ ክንፉን በ82 እና በ83 ቅባ ይላል (እነዚህ ጀርመኖች ለአውሮፕላን ቀለሞች የሰጧቸው ቁጥሮች ናቸው)። ለብቻው የገዛሁት የዲካል (በሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ወረቀት ለዚያው አውሮፕላን 81 እና 82 ይላል። አንድ የማውቀው ሠዓሊ ደግሞ በ75 እና በ83 ሥሎታል። ይህ ሳያንስ የሦስት አምራቾችን 76፣ ማለትም ለታችኛው ገጽና ለጎን የሚሆነውን ፈዛዛ ቀለም፣ ገዝቼ በካርቶን ላይ ጎን ለጎን ብቀባቸው አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ወደ አመድማ፣ ሦስተኛው ወደ አረንጓዴ ያደላ ሆኖ አገኘሁት። በጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አንድ ነው። ትክክለኛውን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በምን መንገድ ነው?

የሰነድ ወዳጅ

ወንድሜ ክንፈ፣ መልሱ የሚጀምረው ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ ከመለየት ነው። አርኤልኤም የጀርመን አየር ሚኒስቴር ስም ምኅጻር ነው። ሚኒስቴሩ ለአውሮፕላን ፋብሪካዎች ቀለም የሚያዝዘው በቁጥር ሲሆን፣ የአሠራሩ ዋና ሰነድ ኤልዲቪ 521 የተባለው የቅብ መመሪያ ነው። በኖቬምበር 1941 የወጣው 521/1 የተባለው እትም በእውነተኛ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ ናሙናዎች የያዘ ስለነበረና ከቅጂዎቹ የተረፉ ስላሉ፣ 74፣ 75 እና 76 ምን ይመስሉ እንደነበር ስንከራከር ቢያንስ የምንመለስበት ወረቀት አለን። በ1943 የተሠራ ሜሰርሽሚት 109 ጂ-6 የሚቀባ ሰው ዕድለኛ ነው የምለው ለዚህ ነው። ከላይ 74 እና 75፣ ከታች 76፣ በጎኑ ላይ ጠቃጠቆ፤ የሚቀረው የእጅ ሥራ ብቻ ነው።

አንተ የመረጥከው አውሮፕላን ግን ከዚያ ወረቀት ውጭ ነው። 81፣ 82 እና 83 የመጡት ከ1941ዱ እትም በኋላ ነው። በ1944 የበጋ ወራት ሚኒስቴሩ ያወጣቸው ማስታወቂያዎች የቆዩት 70 እና 71 እንዲቀሩ፣ በየፋብሪካው ያለው ክምችት ግን ተሠርቶበት እንዲያልቅ ሲያዝዙ፣ 81 እና 82ን በቁጥር ይጠቅሳሉ። ለእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሚሆን ናሙና የያዘ የሚኒስቴሩ ይፋዊ ካርድ ግን እስከ አሁን ሲጠቀስ አላየሁም። ስማቸው ራሱ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ይለያያል፤ አንዱ ሰነድ 81ን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቡናማ ብሎ ሲጠራው፣ ሌላው ያንኑ ቁጥር ጥቁር አረንጓዴ ይለዋል። ስለዚህ «ትክክለኛው 74 የቱ ነው?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው ዓይነት መልስ «ትክክለኛው 81 የቱ ነው?» ለሚለው ሊሰጥ አይችልም።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ የማየውን አንድ መምታታት ላንሣ። ራል የሚባለው የቀለም መዝገብ በ1927 በጀርመን የተጀመረ፣ ለኢንዱስትሪ በአጠቃላይ የሚያገለግል ሌላ ሥርዓት ነው። ዛሬ ከቀለም ሱቅ የምናገኘው የራል ካርድ ለአንዳንድ የአርኤልኤም ቀለሞች የቀረበ ነገር ይሰጠን ይሆናል እንጂ ቁጥሮቹ ተመሳሳይ ትርጉም የላቸውም።

ጠቃጠቆ

የሰነድ ወዳጅ ያሉት እውነት ከሆነ «81» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ቀለም የሚሸጠው አምራች ምንን ተከትሎ ነው የሚቀላቅለው?

የሰነድ ወዳጅ

ከወደቁ አውሮፕላኖች የተለቀሙ ቁርጥራጮችን፣ ጥቂት ባለ ቀለም ፎቶግራፎችን፣ የተመራማሪዎችን የታተመ አስተያየትና አንዳንዴም ከእርሱ በፊት የነበረውን አምራች ነው የሚከተለው። የመጨረሻውን በክፋት አልተናገርኩትም። አንዱ በሌላው ላይ እየተደገፈ ስለሚሄድ፣ አምስት ጠርሙስ አንድ ዓይነት መልክ ስለያዘ ብቻ አምስት ምስክር ተገኘ ማለት አይቻልም።

ጥቁርና ነጭ

እኔ የማውቀው የፎቶግራፍ ሥራ ስለሆነ በዚያ በኩል ልጨምር። ብዙ ሰው የድሮ ፎቶግራፍ አይቶ «ይህ ጠቆር ያለው 83፣ ይህ ነጣ ያለው 75 ነው» ሲል እሰማለሁ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን ቀለምን እንደ ዓይናችን አይመዝንም። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም ቀይን ከቶ ስለማያይ፣ ቢጫንም በደካማው ስለሚቀበል፣ ቀይና ቢጫ ከሚገባቸው በላይ ጠቁረው፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጥቶ ይወጣል። ፓንክሮማቲክ የተባለው ሁሉንም ቢቀበልም፣ ፎቶ አንሺው ሰማዩን ለማጥቆር ቢጫ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ከገጠመ ሚዛኑ እንደገና ይለወጣል። በ1940 የተነሡ የአንዳንድ ሜሰርሽሚት 109 ኢ አፍንጫዎች ቢጫ ሆነው ሳለ በፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ግራጫ የመሰሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ፎቶግራፉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የቀለሙን ስም ባይነግረንም በሁለት ቀለሞች መካከል ያለውን የድምቀት ልዩነት ይነግረናል። አንድን የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ በአውሮፕላኑ ላይ ያለውን የጀርመን መስቀል ነጭና ጥቁር፣ እንደ መለኪያ ይዞ በዚያው ፎቶግራፍ ላይ ያሉትን ሁለት የክንፍ ቀለሞች ማነጻጸር ይቻላል። ልዩነታቸው በጣም ጎልቶ ከታየ፣ ሁለቱም ጥቁር የሆኑ ቀለሞች ናቸው የሚለው ግምት ይዳከማል። ልዩነቱ ከጠፋ ደግሞ ብሩህ ቅጠልያ የሆነውን 82 ከጥቁሩ ጋር ያጣመረው ሥዕል ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ከዚህ አልፎ ከግራጫ ፎቶግራፍ ቀለም አውጥቶ መናገር ቡና ሳይቀምሱ ከሥዕሉ ብቻ የየት አገር ቡና እንደሆነ እንደ መናገር ነው።

ክንፈ48

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በኢንተርኔት ያገኘኋቸው፣ የአሜሪካ ወታደሮች በ1945 በየአየር ማረፊያው ያነሡአቸው ባለ ቀለም ፎቶግራፎችስ? እነርሱ ላይ አረንጓዴውም ቡናማውም በግልጽ ይታያል። በሙዚየም ያሉትም አውሮፕላኖች አሉ፤ ሄዶ ማየት ክርክሩን አይዘጋውም?

ሚሚ ከሙኒክ

ስለ ሙዚየሙ እኔ ልመልስ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ራሴ ተታልያለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ሙዚየም የቆመ ተዋጊ አውሮፕላን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሥቼ፣ ቀለሙን በካርድ ለክቼ፣ ሁለት ወር የፈጀ ሞዴል ቀባሁ። በኋላ ስጠይቅ አውሮፕላኑ ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ በሱቅ ቀለም እንደገና የተቀባ መሆኑን ነገሩኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።

ለአንተ የሚቀርበውን ምሳሌ ውሰድ። ቁጥሩ 601088 የሆነው ዲ-9 ዛሬ በአሜሪካ ዴይተን በአየር ኃይሉ ሙዚየም ይታያል፤ እርሱም ታድሶ የተቀባ ስለሆነ የሚያሳየን የአዳሾቹን ጥናት እንጂ የ1945ቱን ቀለም አይደለም። ከሙዚየም በእርግጥ ትምህርት የሚገኘው አውሮፕላኑ በሚታደስበት ጊዜ ነው። የስሚዝሶኒያን የአየርና የሕዋ ሙዚየም ከ1980 እስከ 1983 ባሳደሰው ፎከ-ቩልፍ 190 ኤፍ-8 ላይ ሠራተኞቹ ቀለሙን በንብርብር እየገፈፉ ሲሄዱ፣ አውሮፕላኑ በመጀመሪያ 640069 ቁጥር ያለው ኤ-7 ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ታድሶ ወደ ኤፍ-8 የተለወጠ መሆኑ ተገለጠ። አንድ ገላ ላይ የበርካታ ዘመን ቀለም ተደራርቦ ነበር ማለት ነው። ሞዴል ሠሪ «የዚህ አውሮፕላን ቀለም ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «በየትኛው ወር?» የሚለውን አብሮ መጠየቅ እንዳለበት ያስተማረኝ ይህ ታሪክ ነው።

በአህጉራችን ደግሞ በጆሃንስበርግ የሚገኘው የጦር ታሪክ ሙዚየም ፎከ-ቩልፍ 190 ኤ-6 እና ባለ ሁለት መቀመጫ የሌሊት ሜሰርሽሚት 262 አለው። ለመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ቀለሙን በአምፖል ብርሃን ብቻ እንዳይፈርድበት አደራ እላለሁ። በቀን ብርሃን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በመብራት ሥር ሲለያዩ፣ የሚለያዩትም አንድ ሲመስሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመሬትና ከውኃ የሚወጡ ስብርባሪዎችም አሉ። በ1943 በሌኒንግራድ አቅራቢያ ደን ውስጥ የወረደው ፎከ-ቩልፍ 190 ኤ-5 እስከ ሶቪየት ዘመን ማብቂያ ድረስ በዛፍ መካከል ተቀምጦ ነው የተገኘው። እንዲህ ባለው ቁራጭ ላይ ፀሐይና ዝናብ ያገኘውን ክፍል ትቶ፣ በክዳን ወይም በሌላ ብረት ተሸፍኖ የኖረውን ጠርዝ መመልከት ይሻላል።

ጥቁርና ነጭ

የሚሚን በሚገባ የተነገረ ሐሳብ ተከትዬ ስለ ባለ ቀለም ፊልሙ አንድ ነገር ልበል። የጀርመኑ አግፋከለር ስላይድ በ1936፣ የአሜሪካው ኮዳክሮም በ1935 ነው ለገበያ የቀረቡት። ኮዳክሮም በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን ለረጅም ዘመን የሚይዝ ሲሆን፣ አግፋከለር ግን ከዓመታት በኋላ ወደ አንድ ወገን እያጋደለ የመፍዘዝ ጠባይ አለው። ስለዚህ ወታደሮቹ ያነሡት ኮዳክሮም ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው። ነገር ግን አንተ ያየኸው ፊልሙን ሳይሆን፣ አንድ ሰው በስካነር ያስገባውን፣ ሌላው ያደመቀውን፣ ሦስተኛው ጨምቆ የለጠፈውን ምስል ነው። በፎቶግራፉ ውስጥ ያለውን ሣር፣ የሰው ፊትና የአስፋልቱን መልክ ተመልከት፤ ሣሩ ሰማያዊ ከመሰለ የአውሮፕላኑ አረንጓዴም አይታመንም።

የሰነድ ወዳጅ

እስከ አሁን ያልተነሣው ዋናው ነገር አውሮፕላኑ የት ተሠራ የሚለው ነው። የታተሙ ጥናቶች ለቀይ 1 የሚሰጡት የፋብሪካ ቁጥር 600424 ነው። የዲ-9 ቁጥሮች በፋብሪካ የተከፈሉ ነበሩ፤ በ210 የሚጀምሩት የፎከ-ቩልፍ የራሱ የዞራው ሥራ፣ በ500 የሚጀምሩት የኤርፉርቱ ሚሜታል፣ በ600 እና በ601 የሚጀምሩት ደግሞ የካሰሉ ፊዘለር ምርቶች ናቸው። ያንተ እንግዲህ የካሰል ልጅ ነው። ስለዚህ ልትመለከት የሚገባህ ማንኛውንም ዲ-9 ሳይሆን፣ ቁጥራቸው ከ600424 ብዙ ያልራቀ፣ ጭራቸው ላይ ያለው ቁጥር በፎቶግራፍ የሚነበብ አውሮፕላኖችን ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሰሞን የወጡት እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ የጠቃጠቆው አጣጣል፣ በአፍንጫው ጎን ላይ ቀለሙ የሚወርድበት መስመር፣ የመስቀሉ ዓይነት ሁሉ የፋብሪካውን እጅ ያሳያሉ። እኔ ከቀለም ጠርሙስ ይልቅ ይህን ነው የማምነው።

ይህም ቢሆን አያልቅም። በኦገስት 17 ቀን 1943 በሬገንስቡርግ የሜሰርሽሚት ፋብሪካ ላይ እንደደረሰው ያለ የቦምብ ድብደባ ምርቱን በትንንሽ አውደ ጥናቶች፣ በዋሻና በደን ውስጥ እንዲበተን አስገድዶታል። ክንፉ ከአንድ ቦታ፣ ጭራው ከሌላ፣ የሞተር ክዳኑ ከሦስተኛ ቦታ አስቀድሞ ተቀብቶ ይመጣና በመገጣጠሚያው ላይ ይገናኛል። በዘመኑ መጨረሻ ላይ የክንፋቸው ሆድ በከፊል ያልተቀባ፣ ብረቱ የሚታይ ዲ-9ዎች መኖራቸውም የታወቀ ነው። እናም ክንፉ 75 እና 83 ሆኖ፣ ገላው 82 እና 83 ቢሆን እርስ በርሱ የተቃረነ ሥዕል ላይሆን ይችላል፤ ሦስቱ ምንጮችህ ያልተስማሙትም ምናልባት እያንዳንዱ አንድ ክፍል አይቶ ለመላው ስለፈረደ ይሆናል።

አመድማ

ሁሉን በጽሞና አነበብኩ። እኔ ሃያ ዓመት ሞዴል የሠራሁ ሰው ነኝ፣ አንድ የማልስማማበት ነገር አለኝ። ትክክለኛውን ናሙና ብታገኙ እንኳ በ1፡48 ሞዴል ላይ እንዳለ መቀባት ስሕተት ነው። እውነተኛውን አውሮፕላን የምናየው ከሩቅ ቆመን ሲሆን በመካከል ያለው አየር ቀለሙን ያነጣዋል። ስለዚህ ትንሽ ነጭ መጨመር ግድ ነው፤ በ1፡72 ደግሞ ከዚያ የበለጠ።

ደግሞስ «ቡናማ» እያልን የምንከራከረው የትኛውን ቡና ነው? የቅርፊቱን፣ የጥሬውን ወይስ ተቆልቶ የጠቆረውን? አባቶቻችን የፈረስን መልክ ዳማ፣ ቡላ እያሉ በዝርዝር ሲለዩ፣ እኛ አንድ ቃል ይዘን እንጣላለን። ለ81 እኔ የምመርጠው ስም «አረንጓዴ የነካው ዳማ» የሚለው ነው።

ጠቃጠቆ

ጋሽ አመድማ፣ በስሙ ተስማምቻለሁ፣ በነጩ ግን አልስማማም። ነጭ ሲጨመር ቀለሙ መንጣት ብቻ ሳይሆን ኖራ የነካው መስሎ መልኩን ይለውጣል፤ በተለይ በ75 ላይ ያለችው የወይን ጠጅ ጭላንጭል ትጠፋለች። ሁሉም በእኩል ሲነጣ በቀለሞቹ መካከል ያለው ልዩነትም ይቀንሳል፤ ጥቁርና ነጭ እንዳስረዱን ደግሞ ከፎቶግራፉ በእርግጠኝነት የምናገኘው ያንን ልዩነት ብቻ ነው። እርሱን ካጠፋን ምን ይቀረናል?

ሌላው፣ 83 አረንጓዴ ነው የሚለው ራሱ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም። ቁጥሩ በመጀመሪያ በባሕር ላይ ለሚበሩ አውሮፕላኖች የታሰበ ጥቁር ሰማያዊ ነበር የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

የሰነድ ወዳጅ

ጠቃጠቆ ያነሣው ክርክር በእርግጥ አለ። ለክንፈ ግን ብዙ አይለውጥበትም። በዘመኑ መጨረሻ ተዋጊዎች ላይ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ነበረ፤ ስብርባሪውም ባለ ቀለም ፎቶግራፉም ያሳያሉ። የሚያከራክረው ያ ቀለም በምን ቁጥር ይጠራ ነበር የሚለው ነው። ሞዴል ሠሪ የሚቀባው ደግሞ ቁጥሩን አይደለም። ለምሳሌ «84» እየተባለ የሚሸጠው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም በዘመኑ ሰነድ ያልተገኘ፣ በኋላ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው፤ ቀለሙ ግን በአንዳንድ አውሮፕላኖች ጎን ላይ ታይቷል። ምናልባት ከሦስቱ 76ቶችህ አረንጓዴው የዚያ ዘመድ ይሆናል።

አመድማ

ስለ ነጩ፣ ጠቃጠቆ ግማሽ መንገድ አስኪዶኛል። ለ75 እና ለ83 እተወዋለሁ። ለጥቁሩ 66፣ ማለትም ለአብራሪው ክፍል ግን አልተውም፤ እንዳለ ከተቀባ ውስጡ ያለው መሣሪያ ሁሉ ይዋጣል።

አንድ የሥራ ምክር ብቻ ልጨምር። ቀለሙን የምትፈትነው በመጨረሻ በምትቀባው ቫርኒሽ ሥር ይሁን። ደብዛዛው ቫርኒሽ ያነጣል፣ አንጸባራቂው ያጠቁራል፤ ብዙ ሰው ሳይቀባ መርምሮ መርጦ፣ ከቀባ በኋላ «ይህ እኔ የመረጥኩት አይደለም» የሚለው በዚህ የተነሣ ነው። መሠረቱም ከሥር ጥቁር ከሆነና ከግራጫ ከሆነ ውጤቱ ይለያያል። ካርዱን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ ተመልከተው።

ክንፈ48

በዚህ ሳምንት የተባልኩትን አደረግሁ። በ600 እና በ601 የሚጀምሩ፣ ቁጥራቸው የሚነበብ አውሮፕላኖችን ፎቶግራፍ ሰብስቤ የቀይ 1ን አጠገባቸው አኖርኩ። በቀይ 1 ላይ በጎኑ በተጻፈው የባቫሪያ ቀበሌኛ ፈሊጥ ዙሪያ (ትርጉሙ «ልብሴን ሽጡልኝ፣ እኔ ወደ ሰማይ እሄዳለሁ» ማለት ነው፤ አብራሪው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም) የጎኑ ፈዛዛ ቀለምና የጠቃጠቆው ድምቀት በደንብ ይታያል። በላይኛው ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ቀለሞች ልዩነታቸው ጎልቶ ስለሚታየኝ ለገላው 82 እና 83 መርጫለሁ። የክንፉን ላይኛ ገጽ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ስላላገኘሁ እዚያ የእኔ ውሳኔ ነው፤ 75 እና 83 አደርገዋለሁ፣ ሞዴሉን ለሰው ሳሳይም ክንፉ ግምት መሆኑን በካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ለጎኑ ሰማያዊውን 76 ትቼ አመድማውን ወስጃለሁ። ነጭ አልጨመርኩም፤ ጋሽ አመድማ ይቅር ይበሉኝ።

የቀረኝ ሆዱ ነው። ቀዩን ቀብቼ በላዩ ነጩን መስመር ልሥራ ወይስ በተቃራኒው?

ሚሚ ከሙኒክ

ነጩን አስቀድም። ቀይ ላይ ነጭ ለማልበስ ሦስት አራት ጊዜ መደራረብ ይጠይቅሃል፤ ያኔ የመስመሩ ጠርዝ በጣት የሚዳሰስ ወፍራም ይሆናል። ሆዱን በሙሉ ነጭ ቅባና አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ ከዚያ መስመሮቹ የሚቀሩበትን ቦታ በቀጭን ቴፕ ሸፍነህ ቀዩን በስሱ ንፋበት። መስመሮቹ በመንኮራኩሩ ክዳን ላይም ስለሚያልፉ፣ ክዳኖቹን ለጊዜው በቦታቸው አጣብቀህ አብረህ ቅባቸው፤ ለየብቻ ከተቀቡ መስመሩ አይገጥምም።

ክንፈ48

ክዳኖቹን ትናንት ለየብቻ ግራጫ ቀብቻቸው ነበር። ዛሬ ማታ አጥቤ እንደገና እጀምራለሁ።